ፎርስፉሊም ፎርሲብሊም «በኃይል» ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድነው ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፣ በስልክ ይሄን ሁሉ መፃፍ ሰለቸኝና ተውኩት፣ ዛሬ ግን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ልሞክረው። «ዲክሽነሪ ላይ ፎርስፉሊ፣ ፎርሲብሊ፣ አግረሲቭሊ ሁሉም በኃይል ነው የሚለው፣ ልዩነታቸው ምንድነው፣ ፈረንጆቹስ በወሬ ላይ የትኛውን ነው የሚሉት» ነው ያልሽው። እዚህ ግሩፕ ላይ ከኔ የተሻሉ የእንግሊዝኛ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፣ እኔ የማውቀው ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ቱሪስት ሳስጎበኝ ተሳስቼ ተሳስቼ የተማርኩትን ነው።

ስራ ስጀምር የሸመደድኳት አንዲት ወሬ ነበረችኝ። አፄ ሱስንዮስ በፈረንጅ 1622 ካቶሊክ ሆኑ፣ ሕዝቡንም «ፎርስፉሊ» ሃይማኖቱን አስለወጡት፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 የድሮውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን፣ ያው የካቶሊክ ሰባኪዎቹን፣ «ፎርስፉሊ» ካገር አስወጡ። እንዲህ እያልኩ ስንት ቡድን አስጎበኘሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም። አንድ ቀን ግን ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ አስተማሪ ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ ስር አስቆሙኝና መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉኝ። «ይሄ ፎርሲብሊ ነው» አሉ። ከዛ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው፣ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው፣ አይን አይኔን እያዩ «ይቺን ነገር ማስተካከል አለብህ» አሉኝ። «ይሄ ደግሞ ፎርስፉሊ ነው»። በቃ ከዛ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

ስለዚህ ራስሽን የምትጠይቂው አንዲት ጥያቄ ናት፣ የተደረገበት ሰው እምቢ እያለ ነው ወይ? እምቢ እያለ ከተደረገ በግድ ነው፣ እሱ ፎርሲብሊ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ ከሰልፍ ተጎትቶ ሲወጣ። ፎርስፉሊ ግን በአብዛኛው ስለ አድራጊው ነው የሚያወራው፣ ሰውየው አጥብቆ ተናገረ፣ ፈርጠም ብሎ ተከራከረ፣ የሚያሳምን ጉልበት ነበረው ለማለት። እውነቱን ለመናገር ፈረንጆቹ ራሳቸው ይደባልቋቸዋል፣ በግድ ለማለት ፎርስፉሊ የሚሉ ሞልተዋል፣ ስለዚህ ብትሳሳቺ ማንም አይሰቅልሽም፣ ለፈተና ስትፅፊ ግን ብትለያቸው ይሻላል።

እኛን የሚያሳስተን የመሰለኝን ልንገርሽ። አማርኛ ለዚህ ነገር ድሃ አይደለም፣ እንዲያውም ሃብታም ነው፣ ግን እንደ እንግሊዝኛው ጫፍ ላይ «ሊ» እየቀጠለ አይሄድም፣ በግስ ነው የሚሄደው። አጥብቆ ያዘ፣ አምርሮ ተጣላ፣ ጨክኖ መታ፣ ኮስተር ብሎ ተናገረ፣ ፈርጠም ብሎ እምቢ አለ። እነዚህን ሁሉ ትተን ዲክሽነሪ ላይ ያገኘናትን «በኃይል» የምትል አንድ ከረጢት ውስጥ ስንከታቸው ነው የሚጠፋብን። መጀመሪያ እናትሽ ብትሆን ምን ትል ነበር ብለሽ አስቢ። «ኮስተር ብለህ ንገረው» ካለች ፈርምሊ ነው፣ ቁጣም ስድብም የለበትም። አሰርቲቭሊ የምትለዋም ለዚቹ ትቀርባለች፣ ግን የስልጠናና የቢሮ ቃል ናት፣ በወሬ ላይ ብዙ አልሰማትም።

አግረሲቭሊ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ፒያሳ ላይ መስቀልና ሻርፕ የሚሸጡ ልጆች ቱሪስት ሲከተሉ፣ ቱሪስቱ «አግረሲቭሊ ተከተሉኝ» ካለ ልጆቹን አስፈራሩኝ ማለቱ ነው፣ ከባድ ክስ ነው። ትንሽ ያናደደው ብቻ ከሆነ «ፑሺ ናቸው» ይላል፣ ችክ አሉብኝ እንደማለት፣ ቅር ሳይለው ከሆነ ደግሞ ፐርሲስተንትሊ፣ ያው ሳይታክቱ ማለት ነው። እኔም አንዴ ስለነዚሁ ልጆች ለእንግዶቼ ሳስረዳ አግረሲቭሊ ብዬ ሴትየዋ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ዋለች፣ ልጆቹ ደግሞ ሰፈሬ ያደጉ ናቸው፣ አፈርኩ። ሐኪም ቤት ስትገቢ ግን ቃሉ ይገለበጣል። ታናሽ እህቴ ነርስ ናት፣ ከውጭ የመጣ ሐኪም «ኢንፌክሽኑን አግረሲቭሊ እናክመው» ሲል በሽተኛውን ሊቆጣ መስሏት ነበር፣ ለካ ጠንከር ያለ መድኃኒት ቶሎ ይጀመር ማለቱ ነው። ቢዝነስም ላይ እንደዛው ነው፣ ገበያውን አግረሲቭሊ ገባበት ሲሉ ሙገሳ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ስሚ። አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ሳመለክት «አይ ዎርክ ሃርድሊ» ብዬ ፃፍኩ። ጠንክሬ እሰራለሁ ማለቴ ነበር እኮ! ሃርድሊ ማለት ግን እምብዛም፣ አይ ከዛም ይብሳል፣ ምንም ለማለት ትንሽ ሲቀረው ነው፣ ስለዚህ ስራ የሚባል ነገር አልነካም ብዬ በፊርማዬ መሰከርኩ። አልጠሩኝም። ትክክለኛው ሃርድ ብቻ ነው፣ «ሊ» አይቀጠልበትም፣ ዎርክ ሃርድ፣ ፑሽ ሃርድ፣ ሂት ሃርድ። በወሬ ላይ ፈረንጆቹ ምን ይላሉ ላልሽውም ዋናው መልስ ይሄ ይመስለኛል፣ ከነዛ ረጃጅም ቃላት ይልቅ ሃርድን ነው ቀኑን ሙሉ የምሰማው።

ሌሎቹ ከየጓደኛቸው ጋር ነው የሚሄዱት፣ ደንብ ብትፈልጊላቸውም አታገኚም፣ ከነጓደኛቸው ያዣቸው። ስትሮንግሊ ከመምከርና ከመስማማት ጋር ነው፣ ቪገረስሊ ጠርሙስ ከመነቅነቅ፣ ከስፖርትና ክስን ሽምጥጥ አድርጎ ከመካድ ጋር። ዝናብ ስትሮንግሊ አይዘንብም፣ ሐምሌ ላይ እዚህ የሚወርደው ሄቪሊ ወይ ሃርድ ነው፣ ነፋስ ግን ስትሮንግሊ ይነፍሳል። በ1941 እንግሊዞች ጣልያንን ከጎንደር ሲያስለቅቁ የጣሉትንም ቦምብ ሄቪሊ ነው የምለው። ቫዮለንትሊ ሁልጊዜ ድብድብ እንዳይመስልሽ፣ ሆዱ ተገላብጦበት የሚያስታውክ ሰውም በዚቹ ቃል ይገለፃል፣ ይሄንን የተማርኩት ምን በልቶ እንደሆነ እንጃ መኪና ውስጥ ካስመለሰው እንግዳዬ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አድቨርብ፣ ያው ነገሩ እንዴት እንደተደረገ የሚናገር ቃል፣ አያስፈልግም። የአዘዞ ሚኒባስ ረዳት በሩን እንዴት እንደሚዘጋው ታውቂያለሽ፣ ሾፌሩ «ኧረ በሩን!» እስኪል ድረስ። እኛ በሩን በኃይል ዘጋው ብለን ቃል በቃል ልንተረጉመው እንጣጣራለን፣ ፈረንጁ ግን ስላምድ ብሎ ይገላገላል፣ በኃይሉ ግሱ ውስጥ ነው ያለው። አፈፍ አድርጎ ያዘ ካልሽ ግራብድ፣ መንጭቆ ሳበ ካልሽ ያንክድ። እኛስ «መነጨቀው» ካልን በኋላ በኃይል ብለን እንጨምራለን እንዴ?

መጨረሻ ላይ «ፖሊሶቹ በሩን ፎርስፉሊ ከፈቱት» የምትለዋን ዓረፍተ ነገርሽን አስተካክሉልኝ ብለሻል። ስህተት ናት አልልሽም፣ ግን ስትነበብ በቁልፍ ከፍተው በሩን በረገዱት ነው ወይስ ሰብረው ገቡ የሚለው አይለይም። ሰብረው ከሆነ «ብሮክ ዘ ዶር ዳውን» በያት፣ እየገፉ ወይ በብረት ፈልቅቀው ከሆነ «ፎርስድ ዘ ዶር ኦፕን»። ሌላም ካለሽ ከነዓረፍተ ነገሩ ፖስት አድርጊው፣ ቃሉን ብቻውን አታምጪው።