ኪሎውን ሳትደምሩ ረከሰ አትበሉ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ዱባይ አጠገብ፣ አጅማን ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ልገባ ቲኬት ሳጠያይቅ ፍላይዱባይ ረከስ ብሎ አገኘሁት። ጓደኛዬ «የኤሚሬትስ አየር መንገድ ልጅ ነው፣ ያው ነው» ትለኛለች። እውነት ልጁ ነው? ከሆነስ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?

መልስ፦ ልጁ አይደለም። ወንድሙ ነው ብትዪ ይቀርባል። ሁለቱም የዱባይ መንግሥት ናቸው፣ ሊቀመንበራቸውም አንድ ሰው ነው፣ ሼክ አህመድ ቢን ሰዒድ አል መክቱም። ትንሹ ሲቋቋም ትልቁ አግዞታል እንጂ አልወለደውም። ከ2017 ወዲህ ግን መንገደኛ ይቀባበላሉ። ከአዲስ አበባ በፍላይዱባይ ተነስተሽ ዱባይ ላይ በዚያው ቲኬት ወደ ኤሚሬትስ መቀየር ትችያለሽ። ጓደኛሽ «ያው ነው» ያለችው ይህን አይታ ይመስለኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።)

ዋጋው የተለያየው አሠራራቸው ስለሚለያይ ነው። ፍላይዱባይ የተቋቋመው በ2008 ነው። የመጀመሪያ በረራውን በ2009 ጁን 1 ወደ ቤይሩት አደረገ። ያኔ እኔ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር፣ ቲኬት ቢሮ ነበር የምሠራው። ደንበኛ ገና ከበሩ ሲገባ «ምግብ የለውም አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል። እውነት ነበር። ምግብ በገንዘብ፣ ሻንጣ በገንዘብ፣ ወንበር መምረጥም በገንዘብ። አውሮፕላኑ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቦይንግ 737-800፣ 189 ወንበር፣ ቢዝነስ የሚባል ክፍል የሌለው።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ «አንድ ዓይነት» የሚለው ላይ ነው። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ማንኛውም ፓይለት ማንኛውንም ያበርረዋል። መለዋወጫው አንድ፣ የመካኒኩ ሥልጠና አንድ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካዋል። ከዚያ ደግሞ አውሮፕላኑ መቆም የለበትም። አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ በርሮ ያርፋል፣ ሰው ያወርዳል፣ ሌላ ሰው ይጭናል፣ ይመለሳል። የላዳ ባለቤት ይሄ ይገባዋል፤ መኪናው ቆሞ የዋለ ቀን ዕዳው አብሮ አይቆምም።

መንገዱንም የመረጡት በብልሃት ነው። ኤሚሬትስ የሚያበርረው ትልቁ ቦይንግ 777 ከ350 ሰው በላይ ይጭናል። ያንን በየቀኑ የሚሞላ ሰው የሌለበት ከተማ ብዙ ነው። ለ737 ግን ይበቃል። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው ከሚበርባቸው ከተሞች ከ90 የሚበልጡት ድሮ ከዱባይ ጋር ቀጥታ በረራ አልነበራቸውም፣ ወይም የኤሚሬቶች አየር መንገድ ከዱባይ አይበርባቸውም ነበር። በ2024 ያጓጓዘው ሰው 15.4 ሚሊዮን ደርሷል።

ከ2013 ጀምሮ ግን ቢዝነስ ክፍል አስገብቷል። ዛሬ ምግብና ሻንጣ ያለበት ቲኬትም ይሸጣል። እኔማ አሁን ርካሽ አየር መንገድ ብዬ ልጠራው ይከብደኛል።

አንቺን የሚመለከተው ሻንጣው ነው። ዝቅተኛው ዋጋ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፣ 7 ኪሎ። የኛ ሰው ደግሞ ለፋሲካ በ7 ኪሎ አገር ቤት አይገባም! ብርድ ልብሱ አለ፣ የልጆች ጫማው አለ፣ «ለእከሌ አድርሺልኝ» የሚባለው አለ። ስለዚህ ቲኬቱን ስትቆርጪ ኪሎውን አብረሽ ግዢ፤ ኤርፖርት ላይ ሲሆን ዋጋው ይንራል። ቲኬት ቆራጩ ካልነገረሽ «ስንት ኪሎ አለው?» ብለሽ አፋጥጪው። ጠቅላላውን ደምረሽ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር አስተያዪ። አንዳንዴ ልዩነቱ ጭራሽ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ያ የወገኖቻችንን ሕይወት የቀጠፈው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ፍላይዱባይም ጋ አለ ይባላል። ልፍራ?

መልስ፦ አላቸው። እንዲያውም አብዛኛው አውሮፕላናቸው ዛሬ ማክስ 8 ነው። በ2019 ማርች 10 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ በቀናት ውስጥ ማክስ በዓለም ሁሉ ቆመ። የአንድ ዓይነት አውሮፕላን ጣጣው ያኔ ታየ። ያ ዓይነት ሲታገድ መተኪያ የለም። በ2018 11 ሚሊዮን የነበረው የፍላይዱባይ መንገደኛ በ2019 ወደ 9.6 ሚሊዮን ወረደ፣ አውሮፕላንም እስከ መከራየት ደረሱ።

ወደ ሥራ የመለሱት በ2021 ነው። ለአደጋው ምክንያት የሆነው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ የነበረው ሲስተም ድሮ የሚያምነው አንድ መለኪያ ብቻ ነበር። አሁን ሁለት መለኪያ ያመሳክራል፣ ደጋግሞም አይገፋም፣ ፓይለቱም በሲሙሌተር ይሠለጥናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2022 መልሶ አብርሮታል። እኔ እሳፈርበታለሁ። አልሳፈርም የሚለውን ግን አልከራከረውም፤ ከቤቱ ሰው የቀበረ ስንት አለ።

ፍላይዱባዮች በ2023 ዓመት 30 ቦይንግ 787-9 አዘዋል፣ በ2025 ደግሞ 150 ኤርባስ ኤ321 ኒዮ ለመግዛት ተፈራርመዋል። የአንድ ዓይነቱ ዘመን እያበቃ ነው ማለት ነው። ዋጋው ምን እንደሚሆን እናያለን።

ጥያቄ፦ ፍላይዱባይ ዱባይ ኤርፖርት ላይ የሚነሳው ከየቱ ተርሚናል ነው?

መልስ፦ አብዛኛው በተርሚናል 2 ነው፣ በተርሚናል 3 የሚነሳም አለ። ቲኬትሽ ላይ ተጽፏል፣ እዪው። ተርሚናል 2 በአልቁሴይስ በኩል ነው፣ ከ3 በመኪና እንጂ በእግር አይደረስበትም። ታክሲ ስትይዢ ቁጥሩን ለሹፌሩ ንገሪው።