ጉበት፣ በርጫና ሲሊማሪን፦ የአንባቢዎች ጥያቄ

«ባለቤቴ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሲሊማሪን የሚባል የጉበት መድኃኒት ገዝታልኛለች። ምንድን ነው?» (ከሳቢያን)

ሚልክ ቲስል ከሚባል የሜዲትራኒያን አካባቢ እሾሃማ ተክል ዘር የሚወጣ ነው። ዋናው ክፍሉ ሲሊቢኒን ይባላል። አውሮፓ ውስጥ በመርዛማ እንጉዳይ ለተመረዘ ሰው በደም ሥር ይሰጣል፤ መርዙ ወደ ጉበት ሴል እንዳይገባ ይከላከላል። ስሙን ያገነነለት ይኸው ነው። ያንተን ጠርሙስ ግን አገላብጠህ እየው። አምራቹ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ካልተጻፈበት እኔ አልውጠውም።

«ቀን እየቃምኩ ማታ ብወስደውስ? አንዳንዴ ጨብሲም (ከጫት በኋላ የሚጠጣው አልኮል) አለች።» (ከመጋላ)

ይሄንን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ወንድሜ፣ ሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከማይቅሙት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አብዝተው የሚቅሙት ላይ ይብሳል። ሲሊማሪን ደግሞ የጫት ማርከሻ አይደለም። ከምርቃና በኋላ የምትመጣው ጨብሲ ጉበቱ ላይ ሌላ ሸክም ትጨምራለች። እኔን ከሰማኸኝ ጨብሲዋን ተው፣ የበርጫውንም ሰዓት አሳጥር። ዓይንህ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ካፕሱሉንም የወፍ መድኃኒቱንም ትተህ ቀጥታ ወደ ሐኪም ሂድ።

«ሄፓታይተስ ሲ አለብህ ተብያለሁ። ይፈውሰኛል?» (ከሐረር)

አይፈውስም። አሜሪካ ውስጥ ለ154 የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞች፣ ሲሊማሪኑን ከተለመደው በላይ ጭምር እየሰጡ ሞክረውታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ መድኃኒት ከሌለበት ክኒን አልተሻለም። ደግነቱ ዛሬ ቫይረሱን በ8 ወይም በ12 ሳምንት የሚያጠፉ ክኒኖች አሉ። ሐኪምህን ስለ እነሱ ጠይቀው። ሄፓታይተስ ቢም መመርመርህን እንዳትረሳ።

«ዘሩን እንደ ሻይ ባፈላው በዋጋ አይረክስም?» (ከከዚራ)

ይረክሳል፣ ግን ሲሊማሪን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። የምትጠጪው በአብዛኛው ሙቅ ውሃ ነው።

«እናቴ የስኳር ክኒን ትወስዳለች። ይህን ብንጨምርላት ችግር አለው?» (ከገንደ ቆሬ)

ሲሊማሪን ራሱ ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከክኒኗ ጋር ሲደመር ከሚገባው በታች ሊወርድባት ይችላል። ከመጀመሯ በፊት ጠርሙሱንም ክኒኗንም ይዛችሁ ሐኪሟ ጋ ሂዱ።