«እኔ ካልሠራሁት» ለሚሉ አለቆች

ጥያቄ፦ የፋይናንስ ኃላፊ ከሆንኩ ስምንት ወሬ ነው፤ ፔይሮሉን (የደመወዝ መክፈያውን ዝርዝር) ግን አሁንም የምሠራው እኔ ነኝ። ልጆቹ ሲሠሩት ስህተት አይጠፋውም። እስከ ምሽት ቢሮ ነኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስቲ የፔይሮሉን ግርጌ እየው። ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚል የፊርማ ቦታ አለ አይደል? ለጌጥ አልተቀመጠም። አንተው አዘጋጅተህ አንተው ካጸደቅከው ስህተትህን ማን ያይልሃል? ኦዲተር ሲመጣ «ልጆቹን አላመንኳቸውም» ብትል አያዋጣህም። በዚህ ወር አንዱን ልጅ አጠገብህ አስቀምጠህ አብራችሁ ሥሩ። በሚቀጥለው እሱ ይሥራ፣ አንተ ፈትሽ። ስትፈትሽም ሁሉንም ከዜሮ አትደምር፤ ካለፈው ወር የተለወጠውን እይ፦ አዲስ የተቀጠረ፣ የለቀቀ፣ እድገት ያገኘ፣ ትርፍ ሰዓት የገባለት። የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ መሆኑን ሁለት ሦስት ሰው መርጠህ አስላ። ስህተት ካገኘህ ደግሞ ራስህ አታርመው (እጅህን እንደሚበላህ አውቃለሁ)፣ ምልክት አድርገህ መልስለት። አንተ ካረምክለት ያው ስህተት በሚቀጥለውም ወር ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ በሥሬ ያሉት ሰውዬ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ማዘዝ ስለማፍር ሥራቸውን እኔው እሠራዋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚከፋቸው ሥራ ስትነፍጊያቸው ነው። ሰው ፊት አትዘዢያቸው። ጠረጴዛቸው ድረስ ሄደሽ «ጋሼ፣ የግዥውን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ሦስቱን ፕሮፎርማ አወዳድረው የቱ እንደሚሻል እስከ ሐሙስ ይንገሩኝ» በያቸው። ሐሙስን እንዳትረሺ! «ሲመችዎት» ካልሽ በቃ፣ አለቀልሽ።

ጥያቄ፦ ሁሉን ካስተማርኳቸው ወንበሬን ይወስዱብኛል።

መልስ፦ ይውሰዱት እንጂ! አንተ እዚያው ልታረጅ ነው እንዴ? ከፍ ያለ ቦታ ሲከፈት አለቆችህ የሚጠይቁት «እሱ ከተነሣ ክፍሉን ማን ይይዛል?» ብለው ነው። መልሱ «ማንም» ከሆነ አመስግነው እዚያው ይተዉሃል። ሰኔ 30 ሂሳብ ተዘግቶ ጥድፊያው ሲረግብ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ውጣ። የሚተካህን ሰው በቃል «አደራ» ብለህ ብቻ አትሂድ፤ ምን መወሰን እንደሚችልና እስከ ስንት ብር መፈረም እንደሚችል በደብዳቤ ጽፈህ፣ ለክፍሉ ሁሉ አሳውቀህ ውጣ። ሥልጣን ያልተሰጠው ተወካይ ለእያንዳንዷ ነገር ይደውልልሃል፣ ያ ደግሞ ፈቃድ አይባልም።

ጥያቄ፦ ሥራውን ሰጥቼ በየሰዓቱ በቴሌግራም «የት ደረሰ?» እላለሁ። ሠራተኞቼ ተማረዋል።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ሥራውን ስትሰጥ የምትነጋገሩበትን ቀን አብረህ ቁረጥ፣ እስከዚያ ተዋቸው።