በትንሽ ኬዝ ውስጥ ኃይለኛ ኮምፒውተር፦ የትኛውን ማዘርቦርድ ልምረጥ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን የምተዳደረው የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ በማቀናበር ነው። ቀን ስቱዲዮ፣ ማታ ደግሞ ቤት ስለምሠራ፣ በጀርባ ቦርሳ ይዤው ልንቀሳቀስ የምችል፣ ባለ 4ኬ ቪዲዮ ግን ሳይንቀራፈፍ የሚያቀናብር ኮምፒውተር ማስገጣጠም እፈልጋለሁ። ላፕቶፕ ሞክሬ ነበር፤ ሥራው ሲረዝም እየጋለ ፍጥነቱ ይወርድብኛል። ያሰብኩት ባለ 16 ኮሩን ራይዘን 9 9950ኤክስ ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድ ነው። ለእነዚህ የሚሆኑ ሁለት ሚኒ-አይቲኤክስ የተባሉ ትንንሽ ማዘርቦርዶች (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) አግኝቻለሁ፤ አንዱ በቢ650፣ ሌላው በኤክስ870 ቺፕሴት (የቦርዱን መሰኪያዎች በሚያስተዳድር ቺፕ) የተሠራ ነው። የኤክስ870ው ዋጋ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያን ያህል ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ይገባኛል?
የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የጠየቁኝ ከሁለት ቦርዶች አንዱን እንድመርጥልዎ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱንም ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው ከካሜራዎ እንዲጀምሩ እመክርዎታለሁ። ምክንያቱን ለማስረዳት ከመጠኑ ልነሣ።

ሚኒ-አይቲኤክስ የተባለውን መጠን ቪያ የተሰኘው የታይዋን ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ቁመቱም ወርዱም 170 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ኤቲኤክስ ቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ትንሹ ቦርድ የትልቁን ስፋት 40 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሚሸከመው ፕሮሰሰር ግን ያው ነው። የተቀነሰው ማስገቢያው ነው፤ ለካርድ አንድ ስሎት ብቻ፣ ለራም ሁለት፣ ለኤም-2 ኤስኤስዲ (ቦርዱ ላይ ለሚሰካው ፈጣን ማከማቻ) አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ይኖረዋል። በትልቅ ቦርድ ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ ቢያንስ ወይም ዋይፋይ ባይኖር ኋላ ካርድ ገዝቶ መጨመር ይቻላል። በትንሹ ላይ ግን ብቸኛውን ስሎት ግራፊክስ ካርዱ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በግዢው ዕለት ቦርዱ ላይ ያልነበረ ነገር ኋላ ላይ ሊጨመርበት የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለውን ቦርድ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሥራው የሚጠይቀውን አንድ በአንድ ማወቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ወደ ካሜራዎ ልመለስ። በቅርብ ዓመታት የወጡ ብዙ ካሜራዎች በኤች.265 የተጨመቀ፣ የቀለም ዝርዝሩ 4:2:2 የሆነ ባለ 10 ቢት ምስል ይቀርጻሉ። ይህ ዓይነቱ ፋይል ለቀለም እርማት እጅግ ምቹ ቢሆንም፣ አርቲኤክስ 4070 በውስጡ ባለው የቪዲዮ መፍቻ ሊከፍተው አይችልም፤ ከራይዘን ፕሮሰሰሮች ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ጭነቱ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ባለ 16 ኮር ቢሆንም በርከት ያሉ የካሜራ ምስሎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ መንቀራፈፍ ይጀምራል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ አብሯቸው ባለው ግራፊክስ ይህንኑ ፋይል ያለ ችግር ይፈቱታል። ስለዚህ ካሜራዎ 4:2:2 የሚቀርጽ ከሆነ፣ የጠቀሷቸው ሁለቱም ቦርዶች ለእርስዎ የሚሆኑ አይደሉም፤ የሚበጅዎ የኢንቴል ኮር አልትራ 7 265 ፕሮሰሰርና በቢ860 ቺፕሴት የተሠራ ሚኒ-አይቲኤክስ ቦርድ ነው። ሲገዙ ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበትን እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ፤ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ ስለሌለው የፈለጉትን ጥቅም ያጣሉ። ግራፊክስ ካርድ ሲገባ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ በራሳቸው የሚያጠፉ ቦርዶችም ስላሉ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብተው እንዳልጠፋ ያረጋግጡ። ሌላው መንገድ ግራፊክስ ካርዱን ወደ አርቲኤክስ 50 ትውልድ መለወጥ ነው፤ እነዚህ ካርዶች 4:2:2ን ራሳቸው ይፈታሉ።

ካሜራዎ የሚቀርጸው የቀለም ዝርዝሩ አነስ ባለው በ4:2:0 ከሆነ ግን ባሰቡት የኤኤምዲ (የራይዘን አምራች) መንገድ መቀጠል ይችላሉ፤ ፕሮሰሰሩን ግን ይለውጡ። 9950ኤክስ 170 ዋት ተብሎ የተመዘነ ሲሆን ሥራ ሲበዛበት ከዚያም በላይ ይስባል። በጀርባ ቦርሳ በሚያዝ ኬዝ ውስጥ የሚገባው ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ ከ37 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ነው፤ ይህን ያህል ሙቀት እንዲያወጣ መጠበቅ አይገባም። እዚህ ላይ የውጭ አገር ግምገማዎች የማይነግሩን የራሳችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን እዚህም እዚያም አንድ ቢሆንም፣ የእኛ አየር የሳሳ ስለሆነ ከብረቱ ላይ ተሸክሞት የሚሄደው ሙቀት ይቀንሳል። የከተማችን ቅዝቃዜ ከፊሉን ቢክሰውም ሁሉንም አይክሰውም። በመሆኑም ባለ 12 ኮር ሆኖ 65 ዋት የተመዘነውንና በሙሉ ኃይሉ ሲሠራም 88 ዋት ላይ የሚገታውን ራይዘን 9 7900ን እመርጥልዎታለሁ። 9950ኤክስን አስቀድመው ገዝተውት ከሆነም በባዮስ ውስጥ «ኢኮ ሞድ» የሚለውን ከፍተው የሚስበውን ኃይል ዝቅ ያድርጉት፤ የሚያጡት ፍጥነት ከሚያተርፉት ቅዝቃዜ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው።

አሁን ስለ ሁለቱ ቦርዶች። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ከሆነ ቢ650 ይበቃዎታል። ይህ ቺፕሴት ለግራፊክስ ካርድ የሚሰጠው አራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱና ቦርዱ መረጃ የሚለዋወጡበት መሥመር) ነው፤ 4070ም የተሠራው ለዚሁ ትውልድ ስለሆነ አምስተኛው ትውልድ ያለው ኤክስ870 ምንም አይጨምርልዎም። ኤክስ870ን የሚለየውና ለእርስዎ ሥራ ቁም ነገር ያለው፣ በሴኮንድ እስከ 40 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ዩኤስቢ 4 ግዴታ ሆኖ መምጣቱ ነው። የቀረጹትን ሁሉ በፈጣን ውጫዊ ኤስኤስዲ እያመላለሱ፣ ከዚያው ላይ የሚያቀናብሩ ከሆነ ልዩነቱን በየቀኑ ያዩታል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው የሚሠሩ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለራምና ለማከማቻ ያውሉት።

ከቺፕሴቱ ስም ይልቅ ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ሶኬት ዙሪያ ያሉትን የኃይል ማስተካከያ ክፍሎች በጥንቃቄ ይመልከቱ። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው አንድ ቮልት አካባቢ የሚያወርዱት እነዚህ ናቸው፤ ሥራቸውም ያግላቸዋል። በላያቸው ደንበኛ የብረት ማቀዝቀዣ የሌለበትን ቦርድ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያመሰግነው አይውሰዱ። ዝቅ ያለ ማቀዝቀዣ አየሩን ወደ ቦርዱ ስለሚነፋ እነዚህን ክፍሎችም አብሮ ያበርዳል፤ በውኃ የሚሠራው ግን ይህን አያደርግምና ኬዙ ሌላ ማራገቢያ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ራም ሁለት ስሎት ብቻ መሆኑ አያስጨንቅዎ። ዲዲአር 5 የተባለው ራም አራት ሆኖ ሲገባ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ሁለት ሆኖ ሲገባ ግን ያምርበታል። ነገር ግን ሁለት 16 ገዝቼ ኋላ እጨምራለሁ የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም፤ ከመጀመሪያው ሁለት 32 ጊጋባይት ያስገቡ። ከኤም-2 ማስገቢያዎቹ አንዱ በቦርዱ ጀርባ ከሆነ፣ ከኬዙ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ እዚያ ላይ ለማኅደር የሚሆነውን እንጂ ዋናውን የሥራ ኤስኤስዲ አያኑሩ።

በመጨረሻም ፕሮሰሰር ባይገባበትም ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ከቦርዱ ኋላ መኖሩን ይመልከቱ። ቢ650 በ2022 ስለወጣ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ቢገዙ ባዮሱ ሳይታደስ ላይነሳ ይችላል። በእድሳት መሐል መብራት ቢጠፋም ይኸው ቁልፍ ቦርዱን ሊያድንልዎ ይችላል፤ ቢሆንም ያለ ዩፒኤስ እድሳት አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሚኒ-አይቲኤክስ በዋጋ ውድ ሆኖ ሳለ ለምን ማይክሮ-ኤቲኤክስ አይገዛም? ኮምፒውተሬ ከጠረጴዛዬ አይነሣም፤ ብዙ ቦታ እንዳይዝ ብቻ ነው ፍላጎቴ።
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ለእርስዎ በእርግጥም ማይክሮ-ኤቲኤክስ ይሻላል። 244 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአብዛኛው አራት የራም ስሎትና ከአንድ በላይ የካርድ ስሎት አለው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ትንሹ ቦርድ የሚወደደው በተጣበበ ቦታ ላይ ብዙ መሥመር ለማሳለፍ በንብርብር ላይ ንብርብር መሠራት ስላለበት ነው፤ ለዚያ ጥበት የሚከፍሉት ጥበቱ የሚጠቅማቸው ሰዎች ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ትንሹ ኬዝ ኤስኤፍኤክስ የተባለውን አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ይጠይቃል፤ ይህም ከተለመደው ይወደዳል፣ ሲበላሽም ምትኩን ማግኘት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ከሜሪላንድ ገጣጥሜ ሻንጣ ውስጥ ይዤለት ልመጣ አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?
እኅት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ የፓወር ሰፕላዩን መለያ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። ከኋላው ቀይ መቀየሪያ ያለበትና 115 ላይ የቆመ ከሆነ ግን በእኛ 220 ቮልት እንደተሰካ ይቃጠላል፤ ቦርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው ለብቻው ይጠቅልሉት፤ ሻንጣው ሲወረወር የካርዱ ክብደት ያን አንድ ስሎት ሊገነጥለው ይችላል፣ ሌላ ምትክ ስሎት ደግሞ የለም።

ቦርዱን ለብቻው የሚልኩ ከሆነ የሶኬቱ የፕላስቲክ መክደኛ ሳይነሣ ይቆይ። በአዲሶቹ ሶኬቶች መርፌዎቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው፤ በጣት ቢነኩ እንኳ ይታጠፋሉ። እኔ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለራሴ የገዛሁትን ቦርድ ሱቁ ውስጥ ሳልከፍት ወስጄ፣ ቤት ስደርስ ሁለት መርፌዎች ታጥፈው አገኘሁ፤ ጉዳቱ በእኔ እጅ እንዳልደረሰ ሻጩን ማሳመን አልቻልኩም። ስለዚህ በሳጥኑ መከፈት ጊዜ ሶኬቱን በደማቅ ብርሃን ፎቶ ያንሱት።

ከመሳፈርዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ገጣጥመው ያሠሩት፤ ጉድለት ካለው እዚያው ሳሉ እንዲለወጥልዎ ነው፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ዋስትናውን ማስከበር እጅግ ያስቸግራል። የዋይፋይ አንቴናዎቹንም ከሳጥኑ ውስጥ እንዳይረሷቸው፤ ያለ እነርሱ ኮምፒውተሩ ክፍሉ ውስጥ ያለውን መሥመር እንኳ በደንብ አይዝም።