ሾኩ ተቀይሮ ያልጠፋ ኳኳታ፦ የመሪ ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው፤ የምነዳው ቪትዝ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ ከፊት በግራ በኩል ‹ቋ ቋ› ይላል፤ መሪው ላይ ሳይቀር ይሰማኛል። ጋራዥ ስወስደው ‹ሾክ ነው› ተብሎ ሁለቱም የፊት ሾኮች ተቀየሩ። ኳኳታው ግን አልጠፋም፤ ጭራሽ መኪናው ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። አስፋልት ላይ ከ80 በላይ ስነዳ ደግሞ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ይሄኛው ድሮም ነበረ። ተመልሼ ስሄድ ‹የመሪ ሳጥኑ አልቋል፣ ካልተቀየረ ኃላፊነት አንወስድም› አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰብ ይዤ ጎንደር መሄድ አለብኝ። ሳጥኑን ልግዛ ወይ?»

መልስ፦ አይግዙ፣ ገና ነው። የመሪ ሳጥን ማለት የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎች የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። የጻፉልን አንድ ብልሽት ሳይሆን ሦስት ነው፤ ኳኳታ፣ መሳብና መንቀጥቀጥ። ጋራዡ ሦስቱንም ጠቅልሎ ሳጥኑ ላይ ጫናቸው። ሦስቱም መሪ ላይ ስለሚሰሙ እንዲህ መሳሳት ቀላል ነው፤ ከፊት እግር የሚነሳ ነገር ሁሉ መጨረሻው እጅዎ ላይ ነው። የጀመሩበት ጊዜ ግን ይለያያል። ኳኳታው መጀመሪያ ጋራዥ የወሰደዎት ነው፤ መሳቡ ከሾኩ በኋላ የመጣ ነው፤ መንቀጥቀጡ ከሁለቱም በፊት የነበረ ነው። እንዲህ በተለያየ ጊዜ የመጡ ሦስት ነገሮች በአንድ ዕቃ ይጠፋሉ ብሎ ገንዘብ ማውጣት ቁማር ነው።

ከመሳቡ እንጀምር፤ የእሱ ምንጭ ከሞላ ጎደል ይታወቃል። ቪትዝ ላይ ሾኩ ከታች፣ ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር የሚታሰረው በ2 ቡሎኖች ነው። ቀዳዳዎቹ ከቡሎኑ ትንሽ ሰፋ ይላሉ፤ ሲጠብቁ ብረቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተገፍቶ ከነበረ ጎማው በዚያው ተንጋዶ ይቀራል። ካምበር የሚባለው ይህ ነው። ከላይ በኩል ይበልጥ ወደ ውጭ ያጋደለው ጎማ መኪናውን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ የፊት ሾክ የቀየረ ጋራዥ ዊል አላይመንት ሳይለካ መኪና ማስረከብ የለበትም። አልተለካ ከሆነ መሳቡ ከራሱ ሥራ የመጣ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ የመሪ ሳጥን ዋጋ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም።

አላይመንት ከመሄድዎ በፊት ግን ጎማውን ነጻ ያውጡት። ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ የአራቱንም ንፋስ ያስለኩ፤ ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ከጃፓን በቀኝ መሪ መጥቶ መሪው የዞረ መኪና ከሆነ ወረቀቱ በቀኝ በኩል ነው ያለው፤ ብዙ ሰው በግራ ፈልጎ አጥቶት በግምት ያስነፋል። ቁጥሩ በኪሎ ፓስካል ከሆነ 220 ማለት በጎሚስታው መለኪያ 32 ገደማ ነው። ንፋሱ ልክ ከሆነ የፊት ግራና ቀኝ ጎማዎችን ያለዋውጡና ጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ ይሞክሩት። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ባለበት ወደ ቀኝ ከቀረ አላይመንት ወይም የያዘ ፍሬን ነው። ፍሬኑን ለመለየት ጥቂት ከነዱ በኋላ ወርደው ቸርኬዎቹን ቀረብ ብለው በመዳፍ ያመዛዝኑ፤ ከሌላው ለይቶ የሚጋረፈው ፍሬን ይዟል። ጎማዎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ቀስት ያለበት ከሆነ ለዋውጦ መሞከር ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሙከራው በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ። ደግሞም አስፋልት ውኃ እንዲያወርድ ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ስለሚሠራ እጅ ሲለቁት ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል መኪና ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

አላይመንት ቤት ደግሞ «ጨርሰናል» በሚል ቃል ብቻ አይውጡ፤ ከማሽኑ የወጣውን ቁጥር ይጠይቁ። ብዙ ቦታ የሚስተካከለው የጎማዎቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መመልከት፣ ቶ የሚሉት ብቻ ነው። ቶ ጎማ ይበላል፣ መሪውንም ያጣምማል፤ መኪና ሲስብ ግን ዋናው ተጠርጣሪ እሱ አይደለም። የሚያስፈልግዎ የካምበርና የካስተር (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያለው ማዘንበል) የግራና ቀኝ ልዩነት ነው። ቶዮታ ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች በተለምዶ የሚፈቅደው ልዩነት እስከ 45 ደቂቃ፣ ማለትም 0.75 ዲግሪ ነው። ከዚያ ከበለጠ የሾኩ ቡሎኖች ላልተው እንደገና ይታሰሩ። እንዲያም ሆኖ ካልተስተካከለ ብራቾው (ጎማውን ከታች በኩል ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ወይም የሾኩ መያዣ ተጣሟል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኳኳታው። እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያዋጣል።

ኮብልስቶን ጎማዎቹን ለየብቻ ነው የሚያነሳው፤ የግራው ሲወጣ የቀኙ ይወርዳል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ቀጥ ብለው ሲወጡ ግን ሁለቱ አብረው ይነሳሉ። ይህ ልዩነት ነጻ መመርመሪያ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ እየጮኸ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ጉብታ ሲወጣ ዝም ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስታቢላይዘሩ (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ብረት) ሊንክ፣ ማለትም ማያያዣው፣ ወይም የስታቢላይዘሩ ጎማ ቡሽ ነው፤ ምክንያቱም ስታቢላይዘር የሚጠመዘዘው ጎማዎቹ እኩል ሳይነሱ ሲቀሩ ነው። ሁለቱም ቦታ ከጮኸ ወደ ቦል ጆይንት (ብራቾውን ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ)፣ ወደ ብራቾው ጎማ ቡሽና ወደ ሾኩ ኮፍያ (ሾኩን ከላይ ከቦዲው ጋር የሚያስረው) ይሂዱ።

ሊንክ ሲፈተሽ ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው አንዱን ጎን በክሪክ አንስቶ መነቅነቁ ላይ ነው። አንድ ጎን ሲነሳ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዛል፣ ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀው ሊንክ እንደ አዲስ ጠንካራ ይመስላል። ትክክለኛው መንገድ መኪናው በአራት እግሩ ቆሞ አንድ ሰው ከጎን ሲያወዛውዘው ሌላው የሊንኩን ራስ በጣቱ ይዞ ማዳመጥ ነው። ጆኮው፣ ማለትም ልልነቱ፣ ጣት ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ከፈለጉ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትቶ፣ ምንም እንዳይነኩ አስሮ፣ ያንኑ ኮብልስቶን ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ድምፁ ከጠፋ ተገኘ። ሊንክ ተፈትቶ መኪና ኩርባ ላይ ስለሚያጋድል ይህ ለሰፈር ሙከራ ብቻ ነው።

ቦል ጆይንቱ ደግሞ በተቃራኒው ጎማው ተንጠልጥሎ ነው የሚፈተሸው። ቪትዝ ላይ ሞላው ያለው ሾኩ ላይ ስለሆነ ክሪኩ በቦዲው ማንሻ ቦታ ሲገባና ጎማው አየር ላይ ሲሆን ቦል ጆይንቱ ጭነት አይኖርበትም፤ ያን ጊዜ ጆኮው ይታያል። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸው፤ መኪናው በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እጅም አይገባም። ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቦል ጆይንቱን ማየት ነው። በዓይን የሚታይ መነሳትና መውረድ ካለ ያልቃል አይባልም፤ አልቋል።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ልል ከሆነ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ወይም የሾኩ አያያዝ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲነቀንቁት ልል ከሆነ ብቻ ነው ወደ መሪው ወገን የሚያመራው፤ እዚያም መጀመሪያ የሚታየው የታይሮዱ (ሳጥኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ፣ ቀጥሎ በሳጥኑ የላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ያለው የውስጠኛው ታይሮድ ነው። መሸፈኛውን በእጅ ጨብጠው ሲያስነቀንቁ ውስጡ ቢንኳኳ የሚቀየረው ታይሮዱ ነው፤ ሳጥኑ ለብቻው ደህና ሊሆን ይችላል።

የእርስዎ መኪና ሾኩ አሁን ስለተፈታ አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ። የሾኩ ኮፍያ ከነኩሽኔታው አሮጌው ተመልሶ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ሰው ቆሞ ባለ መኪና መሪውን ዳር እስከ ዳር ሲያዞር ሞላውን ከውጭ በኩል በእጅዎ ይንኩት፤ ጣት በሞላው ቀለበቶች መካከል እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ሞላው ለስላሳ ሆኖ መዞር ሲገባው ቆይቶ ዘልሎ ጠንግ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ደርቋል። የላይኛው ዳዶም አለ። የሾኩ ዘንግ ሳይያዝ በንፋስ መፍቻ ሲጠበቅ ዘንጉ አብሮ ይዞርና ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፤ አዲስ ሾክ ገብቶ የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ብራቾውም ተፈትቶ ከነበረ ጎማ ቡሾቹን የያዙት ቡሎኖች መጨረሻ ላይ የሚጠብቁት መኪናው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ መሆኑን ያረጋግጡ። አየር ላይ ከጠበቁ መኪናው ሲወርድ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀርና ሳይቆይ ይቀደዳል።

ሳጥኑ ራሱ የሚጠረጠረው መቼ ነው? ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መኪናው ቆሞ፣ መሪውን በሁለት ጣት ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ዳር የሚሄደው ባዶ መንገድ ቶዮታ የሚፈቅደው እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከበለጠ፣ ታይሮዶቹም ደህና ከሆኑ፣ የሳጥኑ ዘንግ በላስቲክ መሸፈኛው በኩል ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ፣ ወይም መሸፈኛው ተቀዶ የክረምት ጭቃ ገብቶ ዘንጉ ከዛገ፣ ጋራዡ ትክክል ነው። ከመፍረድ በፊት ግን ከፔዳሎቹ በላይ ያለውን የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያ ይፈትሹ። በግራ እጅ ከላዩ፣ በቀኝ እጅ ከታቹ ይዘው ሌላ ሰው መሪውን በትንሹ ሲያወዛውዝ የታችኛው ዘግይቶ ከተከተለ ጆኮው እዚያው ነው። መሪው የዞረ መኪና ላይ ይህ ክፍል ተቆርጦ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል ብየዳውንም በባትሪ ብርሃን ማየት ግድ ነው። የዞረ መኪና ሳጥን ሲገዛም በሞዴል ስም ብቻ አይገዛም፤ የተፈታው ከሚገዛው ጎን ለጎን ተቀምጦ ርዝመቱና መያዣዎቹ ይመሳከሩ።

ሁለት ነገር ቢነግሩዎት አይቀበሉ። አንዱ «የመሪ ዘይት እያፈሰሰ ነው» ነው፤ የመኪናዎ መሪ አጋዥ ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ አብዛኛው ቪትዝ እንደዚያ ነው፣ የመሪ ዘይት የለውም። ሁለተኛው «ሳጥኑን ትንሽ እናጥብቀው» ነው። ማጥበቂያው ያለልክ ሲጠብቅ ኳኳታውን ለጥቂት ቀን ይደብቅና መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አልመለስ ይላል። ከኳኳታ የሚከፋው ይሄ ነው።

መንቀጥቀጡን በአጭሩ። ከ80 በላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ በመጀመሪያ የባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያበጠ ጎማ ነው። ከባላንስ በፊት የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ይታጠብ፤ ፒስታ፣ ማለትም የጠጠር መንገድ፣ ላይ የሚመላለስ መኪና ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ለብቻው መሪ ያንቀጠቅጣል። ማሽኑ ላይ ሲዞር ቸርኬው ይወዛወዝ እንደሆነ በዓይንዎ ይዩ፤ የተጣመመን በባላንስ ክብደት መሸፈን አይቻልም። ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ ከሆነ ሴሚያሱ (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ይፈተሽ።

ጋራዡን በተመለከተ፣ ከመጣላት በፊት አሮጌዎቹን ሾኮች ይጠይቁ። ሾኩ ላይ ዘይት ከሌለና ዘንጉን ሲጫኑትም ሲስቡትም ሳይላላ እየታገለ ቀስ ብሎ ከሄደ ሳይሞት ነው የተቀየረው፤ ይህ በእጅዎ ያለ ማስረጃ ነው። ከዚያ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ አላይመንቱ በእነሱ ወጪ እንዲለካ፣ የሾኩ የላይኛው ዳዶና የታቹ ቡሎኖች እንደገና እንዲታዩ። ይህን እምቢ የሚል ጋራዥ ብዙ አይደለም። ስለ ሳጥኑ ደግሞ «ጆኮው የት እንደሆነ እጄን አስይዙኝ» ይበሉ። በእጅ የማይዳሰስ ወይም በዓይን የማይታይ ልልነት ይዞ ሳጥን የሚያስገዛ ምክንያት የለም። መካኒኩ እየነዳ ያንኑ ኮብልስቶን አብራችሁ ስሙት፤ ድምፁ ሲሰማ ስንት ፍጥነት ላይ እንደሆነ፣ መሪው ዞሮ ወይም ቀጥ ብሎ እንደሆነ በወረቀት ይያዝ። ሌላ ጋራዥ ከሄዱ የመጀመሪያው ያለውን አይንገሩ። «ሳጥን ነው ተብሎ ነበር» ብለው ከገቡ ቀጣዩ ሰው የሚፈትሸው ሳጥኑን ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ብቻ ይስጡት።

ጎንደር ስለመሄዱ፦ መልሱ ያለው ቦል ጆይንቱ፣ ታይሮዶቹና የመሪው ዘንግ ላይ ነው። ከነዚህ አንዱ ልል ከሆነ ወይም የዘንጉ ብየዳ ከተሰነጠቀ ሳይሠራ አይሂዱ። ቦል ጆይንት ሲወልቅ ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል፤ ይህ ደግሞ ከአዲስ ዘመን በኋላ ባለው ዳገትና ኩርባ ላይ እንዲሆን አይፈለግም። ሦስቱ ደህና ሆነው የቀረው ሊንክ ብቻ ከሆነ 180 ኪሎ ሜትሩን እየተንኳኳ ሊያደርስዎ ይችላል፤ ጭነት ይቀንሱ፣ ኩርባ ላይ ፍጥነት ይቀንሱ። ለዚህ ሁሉ ፍተሻ ጎማዎቹ ስለሚወልቁ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ፤ ወረታ ሲደርሱ ለሻይ ሲቆሙ በጎማ መፍቻ አንዴ ይሞክሯቸው።