ወለድ አገድ ወይስ በይዞታ ደብተር መበደር?

ወንድሜ፣ «አዳማ ዙሪያ ያለችውን የአባቴን አንድ ሄክታር ለውሃ ሞተርና ለሽንኩርት ዘር ብዬ በወለድ አገድ ልስጥ ወይስ ልበደርባት?» ብለሃል። እባክህ ወለድ አገድ አትስጥ። ገንዘብ የሰጠህ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ማሳውን ያርሳል፤ ምርቱ ለወለድ ይቆጠራል፣ ዋናው ዕዳ ግን አይነካም። 60,000 ብር ወስደህ አምስት ዓመት ቢያርስ የምትመልሰው ያው 60,000 ነው። ማሳው እጅህ ላይ ስለሌለ መመለሻውንም አታገኝም። ከከተማ ዳር ያለ የገበሬ መሬት በዚህ መንገድም ያመልጣል።

ይልቅ በይዞታ ደብተሩ ተበደር። በቀድሞው የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 የመሬት መጠቀም መብቱን ማስያዝ የሚችለው ባለሀብት ብቻ ነበር። አዋጅ 1324/2016 ለአርሶ አደሩም ፈቅዷል። ዋስትና የሚሆነው መጠቀሙ እንጂ መሬቱ አይደለም፤ መሬትማ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው መብቱን ለተወሰነ ጊዜ ይጠቀምበታል፣ ጊዜው ሲያልቅ ማሳው ይመለሳል። ዕዳህን እየከፈልክ እስከሆነ ድረስ ግን አራሹ አንተው ነህ።

የሚጠየቀው ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ደብተር ነው። በፊተኛው ደብተር የተጻፈው በአብዛኛው የአዋሳኝ ስም ስለሆነ አበዳሪ አያምነውም። አባትህ በሕይወት ካሉ የሚፈርሙት እሳቸውና እናትህ ናቸው፤ የእናትህ ፊርማ ከጎደለ ውሉ ይወድቃል። አርፈው ከሆነ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጣና ስም አዙር፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። በደብተሩና በፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ቀድመህ አስተካክል። ከዚያ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ከዕዳና ከክርክር ነፃ የሚል ደብዳቤ ያዝ። ማሳው ከተማ ፕላን ውስጥ ገብቶ እንደሆነም እዚያው ጠይቅ፤ ከገባ አበዳሪ ይሸሻል።

ደብተሩ ካልተሟላ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147/2011 በሬዎችንና ሞተሩን ራሱን ዋስትና ማድረግ ያስችላል።

ውሉ ላይ አጥብቀህ የምትከራከረው በመክፈያ ቀን ነው። ሽንኩርት በችግኝ መደብ ላይ ወደ 50 ቀን፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ ከስድስተኛው ወር በፊት እንዳይሆን። ወርሃዊ ክፍያ ከተስማማህ ያልደረሰ ሽንኩርት ለደላላ ትሸጣለህ። ወለዱም በቀሪው ዕዳ ላይ ይሰላ እንደሆነ አረጋግጥ። 60,000 ብር በ18 በመቶ ለአንድ ዓመት ቢወሰድና ዋናው ገንዘብ በየወሩ እኩል ቢከፈል፣ ወለዱ በመጀመሪያው ዕዳ ላይ ከታሰበ 10,800፣ በቀሪው ላይ ከታሰበ 5,850 ብር ነው። ሰብል ሲደርስ በአንድ ጊዜ ከከፈልክ ግን ልዩነት የለውም፤ ያኔ የምትደራደረው በመቶኛው ላይ ነው።

ከፍለህ ስትጨርስ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤውን ተቀብለህ ወረዳው መዝገብ ላይ እገዳውን አስነሳ። ብዙዎች ይህን ይዘነጉና ለሚቀጥለው ዘር ሲሄዱ መሬቱ እንደተያዘ ያገኙታል።