የአምስት ቀን ሥልጠና ሲአይኤስኤስፒ ያደርገኛል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም በአይሲቲ ባለሙያነት ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በኮምፒውተር ሳይንስ የአራት ዓመት ዲግሪ አለኝ። ሰሞኑን አንድ ማሠልጠኛ ሲአይኤስኤስፒ የተባለውን የኢንፎርሜሽን ሲስተም ደህንነት የሙያ ሰርተፊኬት በአምስት ቀን ሥልጠና እንደሚያስገኝና ለማለፍም ዋስትና እንደሚሰጥ እያስተዋወቀ ነው። ክፍያው የብዙ ወር ደመወዜ ነው። ተበድሬ ልመዝገብ ወይስ ልቆይ? ሥራዬን ሳልለቅ እዚሁ ሆኜ መዘጋጀትስ እችላለሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለዚህ ሥልጠና ብለው አይበደሩ። ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው በ1989 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አይኤስሲ2 የተባለ ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩም ፈተናውን ያለፈን ሰው ሁሉ ወዲያውኑ ባለ ሰርተፊኬት አያደርግም። ፈተናው ከተዋቀረባቸው ስምንት የሙያ ዘርፎች ቢያንስ በሁለቱ በድምሩ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዲግሪዎ አንዱን ዓመት ስለሚቀንስልዎ ከእርስዎ የሚጠየቀው በድምሩ አራት ዓመት ይሆናል፤ ቅናሹ ግን ከአንድ ዓመት ስለማያልፍ ሌላ ሰርተፊኬት ቢጨምሩም ተጨማሪ ዓመት አይቀንስም። ልምዱ ሳይሞላለት ያለፈ ሰው «አሶሼት» ተብሎ ልምዱን እንዲያሟላ ስድስት ዓመት ይሰጠዋል። ስለዚህ በአምስት ቀን ሰርተፊኬት አስገኛለሁ የሚል ማሠልጠኛ በእጁ የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

ስለ ዋስትናው በጽሑፍ ይጠይቁ። የፈተናው ክፍያ 749 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀ ሰው 30 ቀን ጠብቆ እንደገና ከፍሎ ይፈተናል። ማሠልጠኛው ይህን ይሸፍናል ወይ? ዋስትና የሚሉት «ዳምፕ» የሚባሉትን ሾልከው የወጡ ጥያቄዎች ማደል ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይጠጓቸው። የሰውን ገንዘብና ምስጢር እንዲጠብቅ አደራ የሚሰጠው ባለሙያ በተሰረቀ ጥያቄ ወደ ሙያው መግባት የለበትም፤ የማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብም አይፈቅደውም።

ሽምደዳ ብዙ እንደማያራምድ ከፈተናው ጠባይ መረዳት ይቻላል። ከ100 እስከ 150 ጥያቄዎች በሦስት ሰዓት ውስጥ ይቀርባሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚቀጥለውን ጥያቄ ክብደት በሰጡት መልስ ልክ ይመርጣል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም አይቻልም። ከ1000 ነጥብ ማለፊያው 700 ነው። የጥያቄውን ዓይነት ለማሳየት ያህል ይህን እንመልከት፦ አንዲት ገንዘብ ያዥ ሥራ ከለቀቀች ከሁለት ወር በኋላ በእርሷ የይለፍ ቃል የደንበኞች ሂሳብ ተከፍቶ ተገኘ። ነገሩ እንዳይደገም ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? የእርሷን መለያ መዝጋት፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ማስገደድ፣ አዲስ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያግድ መከላከያ) መግዛት፣ ወይስ ሠራተኛ በለቀቀበት ዕለት የሰው ኃይል ክፍል ለአይሲቲ የሚያሳውቅበትንና መለያው የሚዘጋበትን አሠራር መደንገግ? መለያውን መዝጋት ዛሬውኑ መደረግ ያለበት ነው፤ ነገ የሚለቀውን ሠራተኛ ጉዳይ የሚፈታው ግን አሠራሩ ነው። ቴክኒኩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከስምንቱ ዘርፎች ትልቁን ድርሻ፣ 16 በመቶውን፣ የሚይዘውም የደህንነትና የስጋት አስተዳደር ነው።

እንግዲህ ዋናው ማሠልጠኛዎ ያሉበት መሥሪያ ቤት ነው ብል አላጋነንሁም። የሲስተሙን ተጠቃሚዎች ዝርዝር አውጥተው ከሰው ኃይል ክፍል የሠራተኞች ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ ቅርንጫፍ ካለዎት የእነርሱንም አይዝለሉ። ባክአፑ፣ ማለትም የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ በየቀኑ መወሰዱን አይተው አይርኩ፤ በሌላ ማሽን ላይ መልሰው ከፍተው የፈጀውን ጊዜ ይመዝግቡ። የተበዳሪዎችን መታወቂያና ፎቶ ማን እንደሚያይ ይጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ አሠሪዎንም በቀጥታ ይመለከተዋል። ይህ ሁሉ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው የሚሠሩት፣ ለፈተናው የሚያዘጋጅዎና በልምድ የሚቆጠርልዎ ሥራ ነው።

እንዲቆጠር ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ማኅበሩ እንደ ሙሉ ጊዜ የሚቆጥረው በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት የተሠራውን ነው። በአገራችን የተለመደው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «በአይሲቲ ባለሙያነት አገልግለዋል» ብሎ ያበቃል፤ ከዚህ ቃል ተነስቶ የደህንነት ሥራ መሥራትዎን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የሠሩትን በየወሩ እየጻፉ ያስቀምጡ፤ ደብዳቤውም ተግባራትዎን በዝርዝር እንዲገልጽ አሁኑኑ ይጠይቁ፣ ምክንያቱም የሚያውቅዎ ኃላፊ ከተዛወረ በኋላ ማስረጃ ማውጣት ከባድ ነው። ካለፉ በኋላ ልምድዎን አንድ የማኅበሩ ባለ ሰርተፊኬት አባል ማረጋገጥ አለበት፤ በአካባቢዎ ካላገኙ ማኅበሩ ራሱ ያንን ሊያደርግልዎ ይችላል።

እስከዚያው የሥራ ልምድ በማይጠየቅበት ሲሲ በተባለው የማኅበሩ የጀማሪዎች ሰርተፊኬት ወይም ኮምፕቲያ የተባለ ሌላ ድርጅት በሚሰጠው ሴኩሪቲ ፕላስ በተባለ የደህንነት ሰርተፊኬት ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ማኅበሩ በ2022 እ.ኤ.አ. የሲሲን ሥልጠናና ፈተና ለአንድ ሚሊዮን ሰዎች በነጻ እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር፤ ዕድሉ አሁንም ክፍት መሆኑን ከድረ ገጹ ያረጋግጡ። የሲአይኤስኤስፒ ፈተና የሚሰጠው ፒርሰን ቪዩኢ በተባለው ፈተና ሰጪ ድርጅት ማዕከል በአካል ተገኝቶ ነው፤ ሲመዘገቡም ስምዎ በፓስፖርትዎ ላይ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ይመልከቱ፣ ልዩነት ከተገኘ ከፈተናው ክፍል በር ሊመልሱዎ ይችላሉና።